ለቧንቧችንም ነፋስ መውጫ!

ቧንቧ ባንኮራፋ ቁጥር «ፓምፕ ግዙ» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ይህን የምለው ከዚሁ ሙያ እንጀራ እየበላሁ ነው። በደብረ ታቦር ዳገትና ቁልቁለት መፍቻ ይዤ ስዞር የምሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፦ «ውሃው ሲመጣ ያጓራል፣ ያስለዋል፣ ይተፋል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ባለሙያ ብንጠራ ግፊት የለውም አለን። ፓምፕ ገዛን። አሁን ጭራሽ ባሰበት።»

ይብሳል እንጂ! በሽታው አየር ነው። በአየር የታፈነ ቧንቧ ላይ ፓምፕ መግጠም ትን ላለው ሰው ሌላ ጉርሻ ማጉረስ ነው።

ነገሩ ተአምር የለውም። አፈ ጠባብ ቅል ውሃ ሞልታችሁ ብትገለብጡት ቡልቅ ቡልቅ እያለ ነው የሚወርደው። ውሃው ልውጣ፣ አየሩ ልግባ እያሉ በአንዲት አፍ ስለሚጋፉ። ቧንቧም እንደዚያው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መስመሩ በተዘጋ ቁጥር ታች ያለው ሰፈር የቀረውን ይቀዳዋል፣ ላይ ያለው ቧንቧ ባዶ ይቀራል። ባዶ ማለት ደግሞ በአየር የተሞላ ማለት ነው። ውሃው ሲመለስ ያንን ሁሉ አየር ከፊቱ እየነዳ ይመጣል። መውጫ ካገኘ ይወጣል። ካጣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይሸጎጥና መንገዱን ያንቃል። እንደኛ ያለ ጉብታ በጉብታ የሆነ አገር ላይ መሸጎጫው ብዙ ነው።

ስለዚህ ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጆሯችሁን ክፈቱ። ምን ዓይነት ድምፅ ነው ብቻ ሳይሆን መቼ ነው የሚጮኸው? ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ብቻ ከሆነና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከተወው አየሩ የመጣው ከዋናው መስመር ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም። ቧንቧውን ድንገት ስትዘጉ ግድግዳው ውስጥ «ድው» የሚል ከሆነ ያ አየር አይደለም፤ ሲሮጥ የነበረ ውሃ በሩ ሲዘጋበት መትቶ የሚመለስበት ድምፅ ነው፣ ቀስ ብሎ መዝጋትና የላላውን ቧንቧ ግድግዳው ላይ ማሰር ይበቃዋል። የመታጠቢያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደ ጀበና የሚንሾካሾከው ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ውስጡ ነጭ ደለል ጋግሯል፤ ይከፈትና ይጠረግ። ፓምፑ ራሱ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ከጮኸ ደግሞ የሚስበው ውሃ አላገኘም፣ ወይም በመምጠጫው በኩል አየር እየሳበ ነው።

ይቺን የመጨረሻዋን ላብራራት፤ ፓምፕ ሻጮቹ አይነግሯችሁማ። ፓምፕ ውሃ «አይጎትትም»። እሱ ባዶ ቦታ ይፈጥራል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢው አየር ክብደት ነው። ባሕር ወለል ላይ ያ ክብደት ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ያወጣል። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃ የሚፈላውም በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሒሳብ ደረጃ እንኳ የሚገኘው ወደ 7 ሜትር ተኩል ነው፣ በተግባር ከዚያም ብዙ ያንሳል። አዳማ ላይ ያለ ችግር የሠራ ፓምፕ እዚህ ሲያጓራ «ቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል። ቻይና ምን አደረገች? ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉት፣ መምጠጫውን ቧንቧ ሰፋና አጠር አድርጉት፣ መጋጠሚያውን በደንብ እሰሩት።

የከፋው ግን ፓምፑን በቀጥታ የከተማው መስመር ላይ የሚገጥመው ነው። እሱ ላይ አልታገስም። ጎረቤቱ ጀሪካን ደርድሮ እየጠበቀ እሱ የመስመሩን ውሃ መጥጦ ሮቶ ይሞላል። የጎረቤቱ ድርሻ አየሩ ነው። ይህም ብቻ አይደለም። መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ሲያንስ በየስንጥቁ በኩል የቦዩም፣ የሽንት ቤት ጉድጓዱም እርጥበት ወደ ውስጥ ይሳባል። የሰፈሩ ልጆች ሆዳቸውን ሲታመሙ የበላችሁትን ብቻ አትመርምሩ። ውሃ ሲመለስ የመጀመሪያው ባልዲ ለመጸዳጃ ይሁን፣ ለሕፃን አይሆንም።

እንዲህ ያለውን ፓምፕ የሚገጥመው ማነው? እኛ ነን፣ የሙያው ሰዎች። ፓምፕ ያሻሻጠ ከሱቁ ትንሽ ኮሚሽን ያገኛል። አየር ያስወጣ ግን ምን ያገኛል? የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ «ለዚህች ነው እንዴ የምታስከፍለኝ?» ይባላል። እውነቱን እናውራ ካልን ባለቤቱም ጥፋት አለበት። ዕቃ ካልተገዛ ሥራ የተሠራ አይመስለውም።

አሁን ወደ ቢሉ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚናደደው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ቆጣሪ አየር አይቆጥርም» ይላል። ሐሰት ነው። ቤታችን በር ላይ ያለው የተለመደው ቆጣሪ ውስጡ የሚሽከረከር መዘውር አለው። የሚያዞረው ውሃ ይሁን አየር ለይቶ አያውቅም። ሌላው ወገን ደግሞ «የምከፍለው በሙሉ የአየር ነው» ይላል። እሱም ያጋንናል። እስኪ እናስላው። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር መስመር ሲሞላ 7,850 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ሲሞላ ያን ያህል አየር መውጣት አለበት። 50 ቤት እኩል ቢካፈሉት ለአንድ ቤት 157 ሊትር ነው። በወር 8 ጊዜ ቢደጋገም ከ1,250 ሊትር ያልፋል፤ አንድ ሜትር ኩብና ከዚያ ትንሽ በላይ። ግማሹ በስንጥቅና በሌላ ቦታ ይወጣል ብንል እንኳ የቀረው ዜሮ አይደለም። ታሪፉ ደግሞ በደረጃ የሚያድግ ከሆነ አንዲት ሜትር ኩብ ወደ ሚቀጥለው ዋጋ ልትገፋችሁ ትችላለች።

ግን እኩል አይካፈሉትም። አየሩ የሚወጣው ክፍት ባገኘው በር ነው። ማነው ቧንቧውን ከፍቶ የሚተኛው? ውሃ ሲመጣ በድምፁ ልንቃ ብላ ባልዲ ሥሩ አስቀምጣ የምትተኛው እናት ናት። ሌሊቱን ሙሉ የሰፈሩን አየር በእሷ ቆጣሪ ታሳልፋለች። እባካችሁ ቧንቧውን ዝጉና ተኙ። ስትነሱ ጥቂት ብቻ ክፈቱት፤ ሲተፋ ቆይቶ ውሃው ጥርት ብሎ መውረድ ሲጀምር ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ከቆጣሪው በኋላ የሚገጠም «የአየር ማስወጫ» ገዝታችሁ ቢል እቀንሳለሁ የምትሉም አላችሁ። አየሩ እኮ እዚያ የደረሰው ቆጣሪውን አዙሮ ነው! መውጫው መሆን ያለበት ከቆጣሪው በፊት ነው፣ ያም የአገልግሎቱ መስመር ላይ ነው።

ዋናው ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። ላይ ጋይንት ውስጥ ነፋስ መውጫ የሚባል ከተማ አለን። አባቶቻችን ነፋስ መውጫ እንደሚያስፈልገው ስም አድርገው አስቀምጠውልናል፤ እኛ ለቧንቧ እንነፍገዋለን። (ጋፋትም አጠገባችን ነው፤ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ የተቀለጠበት። ብረት አቅልጦ የሚያፈስ ሰው ሁሉ ቅርጹ ትንፋሽ መውጫ ከሌለው ዕቃው ተቦርቡሮ እንደሚወጣ ያውቃል።) የአየር ቫልቭ የሚባለው ዕቃ በመስመሩ ከፍታ ቦታዎች ላይ የሚቀመጥ ነው። መስመሩ ሲሞላ አየሩን ያስወጣል፣ ውሃው ሲደርስ ይዘጋል፣ መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ አየር አስገብቶ ያንን ቆሻሻ የሚስብ ባዶነት ይከላከላል። ውሃ ሳይቋረጥ ለሚመጣበት ከተማ ጥሩ ነገር ነው። በፈረቃ ለሚመጣበት ግን ግዴታ ነው፤ በየሳምንቱ ነው የሚሞላውና የሚጎድለው። «በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የፈነዳ ቧንቧ መቆፈሪያ በጀት ግን አለ? የታመቀ አየር ድንገት ሲለቀቅ የሚመታው መስመር አይደለም እንዴ?

ካለም ደግሞ በየከተማው ኮብልስቶን ይነጠፍበታል፣ ሳጥኑ በአፈር ይሞላል፣ ክዳኑ ለቆሻሻ ብረት ይሸጣል። ያልተጠበቀ ቫልቭ ከሌለው አይሻልም፤ በጎርፍ ጊዜ ያ ጉድጓድ ቆሻሻ ውሃ ከያዘ መስመሩ ያንኑ ይጠጣል።

በቤታችን ውስጥ ያለው የራሳችን ነው፣ ለማንም አናሳብ። ብርዱን ሸሽተን የሶላር ውሃ ማሞቂያ ጣሪያ ላይ እየሰቀልን ነው፤ ጥሩ። ውሃ ሲሞቅ ውስጡ የሟሟውን አየር ይለቃል። ስለዚህ ግፊት የማይችለው ዓይነት ታንከር ላይ የተተወችው ቀጭን መተንፈሻ ቧንቧ ቅንጦት አይደለችም። «አቧራ ይገባል፣ ወፍ ይገባል» ብላችሁ በጨርቅ የደፈናችኋት ዛሬውኑ አውጡት። ወንፊት አድርጉበት፣ አትድፈኑት። ታንከሩ ሲሞቅ ይወጠራል፣ ውሃ ስትቀዱ ይጨመደዳል፣ ከዚያ «ፋብሪካው አታለለኝ» ይመጣል።

ሙቁ ውሃ አልወርድ ካለ ደግሞ ከታንከሩ እስከ ሻወሩ ያለውን ቧንቧ በዓይናችሁ ተከተሉት። ሮቶውም ማሞቂያውም ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ብለው ከተቀመጡ ያላችሁ ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። ቧንቧው በመሃል ኮርኒስ ላይ ወጣ ብሎ ከወረደ አየሩ እዚያ ጉብታ ላይ ይተኛል፣ ያቺ ትንሽ ግፊት አትቀሰቅሰውም። ጉብታውን ማቃናት ወይም ጫፉ ላይ መተንፈሻ ማውጣት ነው መድኃኒቱ። ለጊዜው ደግሞ የከተማው ውሃ ባለ ሰዓት የሻወሩን አፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ክፈቱ። ቀዝቃዛው ከመስመሩ በቀጥታ የሚመጣ ከሆነ አየሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በመተንፈሻው ያስወጣዋል። ብሬከሩን ሳታጠፉ እንዳትሞክሩት። ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ሲወርድ ሳታዩም አታብሩት፤ ደረቅ ታንከር ውስጥ የበራ ማሞቂያ ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል።

በሰፈራችሁ አዲስ መስመር ሲቆፈር ካያችሁ ደግሞ ቆም በሉና የሥራ ኃላፊውን አንዲት ነገር ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ የአየር ቫልቩ የት ጋ ነው?» ጉድጓዱ ሳይደፈን።