ምን እናንብብ? «ሐሰት ላነብ ነው እንዴ ፊደል የቆጠርኩት?»



ባለፈው ሰሞን ከአንድ የንባብ ቡድን ዘንድ ተገኝተን ነበር። ማታ ነው። ኩራዙ በርቷል። እናቶች እንጀራቸውን ጋግረው፣ አባቶች ከብታቸውን አስገብተው ተሰብስበዋል። አንድ ወጣት ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣና «ዛሬ ልብ ወለድ እናነባለን» አለ።

አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልብ ወለድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ደራሲው ከልቡ አውጥቶ የጻፈው ታሪክ ነው፤ ሰዎቹ በእውን የነበሩ አይደሉም» አላቸው።

«እንግዲያ ሐሰት ነዋ! እኔ በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ሐሰት ላነብ ነው እንዴ? ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ሕግ የሚናገረውን አምጣልኝ እንጂ!» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኛ ግን አልሳቅንም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የገበሬ ጊዜ ውድ ነው፤ የኩራዝ ጋዝም በገንዘብ ይገዛል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለዚያ ጥያቄ መልስ እንሞክራለን። ሊነበቡ የሚገባቸውን መጻሕፍትም እንጠቁማለን።

መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእውን የሆነውን ይነግረናል። የታሪክ፣ የጤና፣ የእርሻና የሕግ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ሰው ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ልብ ወለድ ነው።

ልብ ወለድ ግን ሐሰት አይደለም። እናንተ ለልጆቻችሁ ተረት ስትነግሩ «ጦጣ እንዲህ አለች» ትላላችሁ። ጦጣ እንደማትናገር ልጁም ያውቃል። ሆኖም ከተረቱ ውስጥ ብልጠትን፣ ስግብግብነትንና ፍርድን ይማራል። ሐሰተኛ ሰው ሊያታልለን ይፈልጋል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን «ይህ የልቤ ፈጠራ ነው» ብሎ አስቀድሞ ይነግረናል። ሰዎቹ ባይኖሩም ኑሯቸው የምናውቀው ኑሮ ነው።

ወጣቱ የያዘው መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መጽሐፉ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ላላነበበው ሰው መጽሐፍ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ከመካከላችሁም ታሪኩን በጆሮ የሰማችሁት አትጠፉም። ወጋየሁ ንጋቱ በዚያ በሚያምር ድምፁ በሬዲዮ ተርኮታልና። ያን ጊዜ ሌላ ሰው አነበበልን። አሁን ግን ራሳችን ማንበብ እንችላለን። ይህ ትንሽ ነገር ነውን?

ታሪኩ የሚጀምረው በጎጃም፣ በማንኩሳ ነው። በዛብህ የሚባል ልጅ አለ። የድሃ ልጅ ነው። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል። ስለዚህ ሚስት ማግባት አይፈቀድለትም። በዛብህ ቅኔ ተማረ፤ አዋቂም ሆነ። ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ትልቅ ባላባት ደግሞ ሰብለ ወንጌል የምትባል ልጅ አለቻቸው። እርሷን እንዲያስተምር በዛብህን ቤታቸው አስገቡት።

አያችሁ? የፍቅራቸው መነሻ ትምህርት ነው! አንዱ ያስተምራል፣ አንዷ ትማራለች። በዚያ መካከል ፍቅር ይመጣል። እርሱ የድሃ ልጅ፣ በዚያ ላይ በስለት የታሰረ፤ እርሷ የባላባት ልጅ። ታዲያ ምን ይሆናሉ? እርሱን አንነግራችሁም። ራሳችሁ አንብባችሁ ድረሱበት።

መጽሐፉ ግን የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ ግብር አምጡ ብለው ገበሬውን ያስጨንቃሉ። ገበሬውም «ከደንቡ በላይ አንሰጥም» ብሎ ይነሣል። አበጀ በለው የሚባል ጎበዝ ይመራዋል። ጉዱ ካሣ የሚባል ሰውም አለ። የፊታውራሪ ዘመድ ነው። ነገር ግን «ይህ ሥርዓት ልክ አይደለም፤ ሰው ሰውን እንዲህ ሊጫነው አይገባም» ይላል። እውነቱን ስለተናገረ እንደ እብድ ይቆጥሩታል።

መጽሐፉ ከታተመ ከ9 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነትም ተሻረ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት ግን ባላባቱ ገና በወንበሩ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ወደዚያ ማታ እንመለስ። ወጣቱ ስለ ግብሩ ጠብ የሚናገረውን ክፍል አነበበ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ የጠየቁት አባት አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አስደግፈው ያዳምጡ ነበር። ንባቡ ሲያበቃ እንዲህ አሉ፦ «እኔም ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር የባላባቱን ድርሻ ተሸክሜ ወስጃለሁ። አባቴ ደጅ ላይ ቆሞ ሲለምን አይቼዋለሁ። ይህን ነገር ለልጆቼ ነግሬአቸው አላውቅም። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸውም አላውቅም ነበር።»

ከዚያም መጽሐፉን ተቀበሉ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለው አነበቡ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ልብ ወለድ ለምን ይጠቅማል ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። ያላወራነውን የራሳችንን ነገር ለማውራት አፍ ይሰጠናል።

አሁን ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ለሚሹት እንመለስ።

እኚሁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» የሚል መጽሐፍ አላቸው። ይህ ፈጠራ አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ያዩትንና የደረሰባቸውን የጻፉበት ነው። በጦርነቱ ከራስ እምሩ ጋር ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ለዓመታትም ታስረው ኖሩ። ኋላ በነጻነት ተመልሰው በብዙ ሥራ አገራቸውን አገለገሉ። በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ሁለቱን መጻሕፍት ብታስተያዩ በልብ ወለድና በእውነተኛ ታሪክ መካከል ያለው ልዩነት ይገባችኋል። አንዱ ከልብ የተወለደ ነው፤ ሌላው በዓይን የታየ ነው። የጻፈው ግን አንድ እጅ ነው።

ሌላው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስለ ራሳቸው ሕይወት የጻፉት ነው። ተክለ ሐዋርያት በሸዋ የተወለዱ የገጠር ልጅ ናቸው። የአድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ሲሆን ገና ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሩስያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ተመልሰውም ብዙ ሠሩ። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ከገጠር ተነሥቶ በትምህርት የት እንደሚደርስ ከዚህ መጽሐፍ ማየት ይቻላል።

ቀጭን መጽሐፍ የምትፈልጉ ደግሞ «ጦቢያ»ን ሞክሩ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ይኸው ነው። ጦቢያ የምትባል ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ አገር ለአገር ትዞራለች። ወንድሟ የጠፋው ለአባቱ ውለታ የዋለውን ነጋዴ ፈልጎ ለማመስገን ሲሄድ ነው። አማርኛው የቆየ ስለሆነ ጥቂት ያስቸግራል። ያልገባችሁን ቃል ሽማግሌ ጠይቁ።

«ይህ ሁሉ መጽሐፍ መቼ ያልቃል?» ትሉን ይሆናል። እስቲ እናስላ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ አለው። ቡድኑ በየማታው 4 ገጽ ቢያነብ በ125 ቀን 500 ገጽ ይደርሳል። ውቂያው አልቆ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በየካቲት መጀመሪያ ብንይዝ፣ ሰኔ ላይ እንጨርሳለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መጽሐፍ ከመጀመራችን በፊት ሽፋኑን እንመልከት። ማን ጻፈው? መቼ ታተመ? ውስጡስ ምን ይዟል? የያዘውን የሚነግረን ገጽ ማውጫ ይባላል። በተለይ የሕግና የጤና መጽሐፍ ሲሆን የታተመበትን ዓመት አንርሳ። ሕግ ይለወጣል፤ ሕክምናም ይሻሻላል። ልብ ወለድ ሲሆን ደግሞ የሰዎቹን ስም በደብተር እንጻፍ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ካልያዝን ታሪኩ ይጠፋብናል።

የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለ በትምህርት ቤት ወይም በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ካለ ጠይቁ። በዕድር ወይም በማኅበር አዋጥታችሁ አንድ መግዛትም ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መጽሐፉን በወረቀት ሸፍኑት። ከጭስና ከዝናብ ጠብቁት። ገጹን በምራቅ አትግለጡ፤ ጫፉንም አትጠፉት።

በመጨረሻ አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሰው ፊደል ቆጠረ። የምስክር ወረቀትም ተቀበለ። ከእነርሱ መካከል ግን የሚያነቡት ነገር አጥተው ፊደሉን የረሱ አሉ። ዛሬም እንደ ጥንቱ ደብዳቤያቸውን ለሰው ያስነብባሉ፤ ምስጢራቸውንም ሌላ ሰው ያውቀዋል። ያላረሱት ማሳ ዳዋ ይለብሳል። ያልተነበበ ፊደልም እንደዚያው ነው። በዚያ ሁሉ ድካም ያገኘነውን ዳዋ አናልብሰው።

ለዚያ አባት ስለ ከብት በሽታ የሚናገረውን መጽሐፍ እንፈልግላቸዋለን ብለናል። ቃላችንን እንጠብቃለን። እርሳቸው ግን ስንወጣ በር ድረስ ሸኝተውን እንዲህ አሉን፦ «የከብቱን አምጡልኝ። የዚያን ልጅና የሰብለንም ነገር ሳልጨርሰው አልተውም።»

በቡድን ተወያዩ፦
፩. ልብ ወለድና ሐሰት በምን ይለያያሉ?
፪. ጉዱ ካሣ እውነቱን ስለተናገረ እንደ እብድ ተቆጠረ። በእናንተ መንደር እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ?
፫. ለልጆቻችሁ ያልነገራችሁት የቀድሞ ኑሮ አለ? አንድ ገጽ ጻፉና በቡድናችሁ ፊት አንብቡት።