ለእልፍኝ አስከልካዩም አጥር ይበጅለት

መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ሥርዓት ለሚሠሩም፣ በሥርዓቱ ለሚገለገሉም ሁለት ትምህርቶችን ጥሎ ያለፈ ወር ነው፡፡ አንደኛውን ሁላችንም እናስታውሰዋለን፡፡ ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ለሰዓታት ፈቀደ፡፡ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ፡፡ ባንኩም ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር መሆኑን አስታወቀ፡፡ ከገንዘቡ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል፡፡

ሁለተኛው ከባለሙያዎች ክበብ ብዙም አልወጣም፡፡ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ መጋቢት 20 ቀን ይፋ እንዳደረገው፣ ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚያስገባው ኤስኤስኤች የተባለ ፕሮግራም ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጠረው፡፡ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ኤክስዚ በሚባል የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ፡፡ የቀበረው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በቅን አገልጋይነት ሲሠራ ቆይቶ የፕሮጀክቱን አመኔታ ያተረፈ ነበር፡፡ በሩ ሳይታወቅ በዓለም ቢሰራጭ ኖሮ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው በማንነት አረጋጋጩ ፕሮግራም በኩል የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ይገባ ነበር፡፡

አንዱ ስሕተት፣ ሌላው ተንኮል ነው፡፡ በእኔ እምነት ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፡፡ የምናምነው ክፍል ሲሳሳት ወይም ሲከዳን፣ ከሥሩ የሚያቆመው ሌላ ወሰን አለ ወይ?

ዲማ ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች

በሊኑክስ በሚሠሩ ሰርቨሮች ላይ የሠራተኛው የይለፍ ቃል ትክክል መሆኑን የሚመረምር፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሌት ተቀን የሚሠራ ፕሮግራም አለ፡፡ ባለሙያዎች ይህን መሰሉን ፕሮግራም ዲመን ይሉታል፡፡ በትልልቅ ድርጅቶች ከሚሠራባቸው አንዱ ኤስኤስኤስዲ ነው፡፡ እኔ በአገራችን ቋንቋ እልፍኝ አስከልካይ ብለው እመርጣለሁ፡፡ ንብረቱ የእሱ አይደለም፤ ነገር ግን ያለ እሱ ማንም ወደ ውስጥ አያልፍም፡፡

እልፍኝ አስከልካይን ካነሳን ዘንድ ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ዲማ እንሂድ፡፡ ዲማን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› የፊታውራሪ መሸሻ መኖሪያ ሆና ነው፡፡ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀችው ዲማ ጊዮርጊስም እዚያው ናት፡፡ በመኳንንቱ ቤት ማን እንደሚገባ የሚወስነው ጌትየው ነው፤ አስከልካዩም የጌታውን ፈቃድ ይፈጽማል፡፡ ጌታውን ያባበለ ወይም አስከልካዩን ያታለለ ሰው ግን እስከ ጓዳ ይዘልቃል፡፡ የተለመደው የኮምፒዩተር ፈቃድ አሰጣጥ ይህን ይመስላል፡፡ የፋይሉ ባለቤት ለፈለገው ይፈቅዳል፤ ‹‹ሩት›› የሚባለው የበላይ ተጠቃሚ ደግሞ ሁሉንም ይከፍታል፡፡

የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ግን ሌላ ነው፡፡ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ለየራሳቸው የተለዩ ናቸው፡፡ ክህነት የሌለው ሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራ መኳንንት ቢሆን እንኳ፣ መቅደስ አይገባም፡፡ በር ላይ የቆመውም ደብተራ ‹‹ግድ የለም ይግቡ›› ብሎ ሊፈቅድለት አይችልም፡፡ ከዚህም በላይ መግባት ማለት ሁሉን ማድረግ ማለት አይደለም፤ ዲያቆኑ መቅደስ ይገባል፣ ታቦቱን ግን አይነካም፡፡ ደንቡ ከባለቤቱም ከበረኛውም በላይ ነው፡፡ በኮምፒዩተር ዓለም አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር የሚባለው ይኸው ነው፡፡

ደንቡ እንዴት ይሠራል?

ኤስኢሊኑክስ የተባለውን የዚህ ዓይነት ቁጥጥር የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሠርቶ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ለሕዝብ ለቀቀው፡፡ በ1996 ዓ.ም. ከሊኑክስ እምብርት ጋር ተዋሐደ፡፡ ዛሬ ሬድ ሃት እሱን፣ ኡቡንቱ ደግሞ አፕአርመር የተባለውን አቻውን ይዘው ይወጣሉ፡፡ በ2007 ዓ.ም. ከወጣው አንድሮይድ 5 ጀምሮ በኪሳችን የያዝነው ስልክም በኤስኢሊኑክስ ይጠበቃል፡፡

አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም፡፡ እያንዳንዱ ፕሮግራምና እያንዳንዱ ፋይል ምልክት ይሰጠዋል፡፡ ደንቡ የትኛው ምልክት ያለው ፕሮግራም የትኛውን ምልክት ያለውን ፋይል ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ማስነሳት እንደሚችል ይዘረዝራል፡፡ በደንቡ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው፡፡ ፕሮግራሙ በሩት ስም ቢሠራ እንኳ ከዚህ ወሰን አያልፍም፡፡

ለምሳሌ ኤስኤስኤች የተመሰጠሩ የይለፍ ቃላት የተቀመጡበትን ፋይል ራሱ እንዲያነብ አይፈቀድለትም፡፡ ቃሉን ለአንድ ትንሽ ረዳት ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ረዳቱም ፋይሉን አይቶ ‹‹ልክ ነው›› ወይም ‹‹ልክ አይደለም›› ብሎ ይመልሳል፡፡ በሩ ላይ የቆመው የመዝገቡን ሣጥን አይከፍትም፣ ሣጥኑን የሚከፍተውም በር ላይ አይቆምም፡፡

ይህን ስል ግን ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ተገኘ እያልኩ አይደለም፡፡ ኤስኤስኤች ማንነቱ የተረጋገጠን ማንኛውንም ሰው ወደ ሥራው ማስገባት ስላለበት፣ በዙሪያው የሚታጠረው አጥር የግድ ሰፋ ያለ ነው፡፡ የኤክስዚን ዓይነት ጥቃት አጥሩ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ያስቆመው ነበር ማለት ማጋነን ይሆናል፡፡ ጥቅሙ ሌላ ነው፡፡ አንድ ክፍል ሲበላሽ ጉዳቱ በዚያው ክፍል እንዲወሰን ያግዛል፤ ሙከራውም በመዝገብ ተጽፎ ይቀራል፡፡

የእኛ ጉዳይ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ ቁጥር ወደ ባንኩም ወደ መሥሪያ ቤቱም እየገባ ነው፡፡ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል፡፡ ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ለሚጠይቀው ተቋም መረጃውን ሳይሰጥ ‹‹አዎ›› ወይም ‹‹አይደለም›› ብቻ ብሎ መመለስ የሚችል ነው፡፡ መልካም ነው፡፡ ነገር ግን መልሱን የሚቀበለው የባንኩ፣ የገቢዎች ቢሮው ወይም የሆስፒታሉ ሰርቨር የራሱ እልፍኝ አስከልካይ አለው፡፡ የዜጋው ስም፣ ስልክና ሒሳብ የሚገናኙትም እዚያ ነው፡፡

ከመሀል አገር ስንርቅ ጉዳዩ ይከብዳል፡፡ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው አካባቢ ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፡፡ ‹‹ሲስተም የለም›› የሚለው መልስ ለዲማና ለአካባቢው ሰው ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም፤ ደመወዝ አይወጣም፣ የዘመድ ገንዘብ አይደርስም፡፡ እንደ ኤስኤስኤስዲ ያሉ ፕሮግራሞች ለዚህ መላ አላቸው፡፡ አንድ ጊዜ የገባን ሠራተኛ የይለፍ ቃል በተመሰጠረ መልክ እዚያው ያስቀምጡና፣ ከዋናው ሰርቨር ጋር ያለው መስመር ሲቋረጥም ሠራተኛው ወደ ማሽኑ እንዲገባ ያደርጋሉ፡፡ ይህ ምቹ ነው፤ ግን አደራው ከዋናው መሥሪያ ቤት ወጥቶ በገጠር ቅርንጫፍ፣ ጠባቂው ባነሰበት ማሽን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፡፡ አጥሩ ይበልጥ የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚያ ነው፡፡ ማሽኑ ራሱ ቢሰረቅ ደግሞ ይህ ደንብ አያድንምና የዲስኩ ምስጠራ አብሮ ሊታሰብ ይገባል፡፡

በተግባር የማየው ግን ተቃራኒውን ነው፡፡ አዲስ ሶፍትዌር ሲተከል አልሠራ ካለ፣ መጀመሪያ የሚደረገው ቁጥጥሩን ማጥፋት ነው፡፡ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አቅራቢ ባዘጋጀው የአተካከል መመሪያ ላይ ‹‹ኤስኢሊኑክስን አጥፋ›› የሚለው የመጀመሪያው ተራ ቁጥር ሆኖ አይቻለሁ፡፡ ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ አይገባም፡፡ ደንብ ጽፎ የሚያስተካክል ሰው ጥቂት ነው፤ ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቀ አገልግሎት ቢቆም ደግሞ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው፡፡ ሆኖም መካከለኛ መንገድ አለ፡፡ ቁጥጥሩን ሳይከለክል እንዲመዘግብ ብቻ አድርጎ ለሳምንታት ማሠራት፣ ከመዝገቡ ተነሥቶ ደንቡን ማረም፣ ከዚያም ወደ አስገዳጅነት መመለስ ይቻላል፡፡

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የያዘ ተቋም ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል፡፡ ‹‹ተገቢ›› የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው እንዲህ ባሉ ዝርዝሮች ነው፡፡ የባንክ ቦርዶችም ሆኑ የኢንሳ ኦዲተሮች ሦስት ጥያቄ ቢያነሱ መልካም ነው እላለሁ፡፡ አስገዳጅ ቁጥጥሩ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ደንቡን የሚለውጠው ሰው በየዕለቱ ሰርቨሩን ከሚያስተዳድረው የተለየ ነው ወይስ ያው አንድ ሰው ነው? የተከለከሉ ሙከራዎችን መዝገብ በየጊዜው የሚያነበው ማን ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት አዲስ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም፡፡ ቁጥጥሩ ከሊኑክሱ ጋር በነፃ የመጣ ነው፡፡ የሚጎድለው ሠልጥኖ ደንብ የሚጽፍ ሰው፣ ‹‹አጥፉት›› ሲባልም ‹‹ለምን?›› ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ ነው፡፡ የሚሊዮኖች ማንነት በአንድ ቁጥር እየተሰበሰበ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ የሁሉንም ማንነት የሚመረምረው ፕሮግራም ራሱ ያለ ወሰን መቀመጥ የለበትም፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፡፡