የገጠር ልምምድ ለተማሪውም ለሕዝቡም ፍሬ ይስጥ

የጤና ባለሙያ የሚቀረጸው በመማሪያ ክፍልና በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ሳይሆን ሰፊው ሕዝብ በሚኖርበት መንደር ጭምር መሆኑ ለሀገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። የደምቢያን ሕዝብ የወባ ወረርሽኝ ከፈጀው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እያሰማራ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ተማሪው በተከታታይ ዓመታት ወደ ኅብረተሰቡ እየተመለሰ በመጀመሪያ ችግሩን እንዲለይ፣ ቀጥሎም ዕቅድ አውጥቶ እንዲሠራበት የሚያደርግ ሥርዓት ዘርግቶ ለዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ አውርሷል።

ስለሆነም ጥያቄው «ተማሪው ወደ ገጠር ይሂድ ወይስ አይሂድ?» የሚል ሳይሆን፣ «ሄዶ ምን ይማራል? ለተቀበለው ሕዝብስ ምን ትቶለት ይመለሳል?» የሚል ነው።

መምህሩ ተማሪዎቹን በመጀመሪያው ቀን አድርሶ በመጨረሻው ቀን ብቻ የሚመለስ ከሆነ፣ ስሕተታቸውን በጊዜው የሚያርምላቸው የለም፤ የስሕተቱንም ዋጋ የሚከፍለው በሽተኛው ነው። ጤና ጣቢያው ውኃና የመመርመሪያ መሣሪያ ከሌለው፣ ተማሪው የሚማረው ሙያውን ሳይሆን ከጉድለት ጋር መላመድን ነው። ቅጽ ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ መጸዳጃና ክትባት ቆጥሮ፣ ጽሑፉን ለማርክ አስረክቦ ሲሄድ ደግሞ፣ ጊዜዋን ሠውታ የመለሰችለት እናት የመልሷን ፍሬ አታይም። በዓመቱ ሌላ ቅጽ ያዥ ሲመጣ በሯን ብትዘጋ ልትወቀስ አይገባም።

ይህ ሲባል ግን ጥፋቱን በተማሪው ላይ እንጭናለን ማለት አይደለም። ጉድለቱ የአሠራር ነው፤ መድኃኒቱም አሠራርን ማረም ነው። አስተማሪው ከተማሪው ጋር ይሰንብት። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አዋላጇና የላቦራቶሪ ባለሙያው ወደፊት አብረው እንደሚሠሩ ሁሉ አብረው ይማሩ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተዘረጋው ፕሮግራም የየቤቱን ችግር የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መንገድ መሪዎች ብቻ ሳይሆኑ መምህራንም ይሁኑ። የጥናቱ ውጤትም በነዋሪው ቋንቋ፣ በነዋሪው ስብሰባ ላይ ይነገር፤ ቀጣዩም ቡድን ካለፈው ሥራ ላይ ይነሣ።

ይህን መጠየቅ የቀበሌ ነዋሪው መብት ነው። ተማሪውን የሚያስተምረው የሕዝብ ሀብት፣ የሠራተኛውም ግብር ነውና። ዛሬ በመንደር ያለ ተቆጣጣሪ የለመደውን ግዴለሽነት ወይም በትጋት ያዳበረውን ሙያ ይዞ፣ ነገ ከልጆቻችን አልጋ አጠገብ የሚቆመው ይኸው ተማሪ መሆኑን አንዘንጋ።