ያገለገለ መሣሪያ የሚታመነው ሲለካ ነው

በቡታጅራ አቅራቢያ በምትገኘው እንሴኖ ከተማ አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ በግቢው ውስጥ ያገለገለ ፍሬዛ ማሽን ተክሎ ይሠራል እንበል። ይህ ባለሙያ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ከፋፋይ ራስ፣ በሙያው አጠራር ዲቫይዲንግ ሄድ፣ ገዝቶ መጣ። የሚጠብቀው ሥራ የአንድ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን የተሰበረ ማርሽ መተካት ነው፤ ማርሹ 28 ጥርሶች አሉት። በቆሎው ደርሷል፤ ባለቤቱም ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ ይህ አሮጌ ዕቃ ይታመናልን?

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው “ሌላው የጣለው ዕቃ ለትክክለኛ ሥራ አይሆንም፤ አዲስ ይገዛ” የሚል ነው። ሁለተኛው “ብሎኑን አጥብቀህ ጀምር” የሚል ነው። በእኛ እምነት ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው፤ ምክንያታቸውም አንድ ነው፤ ሁለቱም ሳይለኩ ይፈርዳሉ።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር እንመልከት። በብዙ ከፋፋይ ራሶች እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ሥራው የተያዘበት ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ 28 ጥርስ ለማውጣት 40 ለ28 ይካፈላል፤ ውጤቱ አንድ ሙሉ ዙርና የዙር ሦስት ሰባተኛ ነው። 21 ቀዳዳ ባለው ክብ ላይ ይህ አንድ ዙርና 9 ቀዳዳ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሁሉም መሣሪያ 40 አይደለም፤ 60 የሆነም አለ። ባለ 60ውን እንደ ባለ 40 የቆጠረ ሰው 28 ጥርስ ብሎ የጀመረው የ42 ጥርስ አከፋፈል ይሆንበታል፤ ብረቱም ይባክናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጎ እጀታውን እያዞሩ መቁጠር።

ሁለተኛው ፈተና ልልነት ነው። ያረጀ መሣሪያ እጀታው ሲዞር ዘንጉ ወዲያው ላይከተል ይችላል። ከዘንጉ መሐል በ50 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ባለ መርፌ መለኪያ፣ ማለትም ዳያል ጌጅ፣ ደግፈን ዘንጉን በእጅ ወዲያና ወዲህ ስንገፋው 0.10 ሚሊ ሜትር ቢወዛወዝ፣ ግማሽ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር በሆነ ማርሽ ላይ ስሕተቱ እስከ 0.084 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ባለሙያው ግን እጀታውን ዘወትር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ካዞረ፣ ቀዳዳውን ካለፈም ብዙ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና በዚያው አቅጣጫ ከቀረበ፣ በየጥርሱም ዘንጉን ካጠበቀ፣ ልልነቱ በአብዛኛው ጉዳት አያደርስም።

ሦስተኛውና እጅግ አስተማሪው ፈተና አቀማመጡ ነው። የመሣሪያው መቀመጫ በናፍታ ታጥቦ፣ የተነሣው ሸካራ በዘይት ድንጋይ በቀስታ ተወግዶ በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል። ከዚያም ቀጥ ያለ ክብ ብረት በቻኩ ይያዝና ዳያል ጌጁ በላዩ ይሮጣል። ከቻኩ አጠገብ ዜሮ ያሳየው መርፌ 100 ሚሊ ሜትር ርቆ 0.12 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል፣ ብዙዎቻችን መቀመጫው ጋደል ብሏል እንላለን። ነገር ግን የተዛባው ብረቱ ወይም ቻኩ ቢሆንስ? ዘንጉን ግማሽ ዙር አዙረን፣ ዜሮውን እንደገና ይዘን ስንለካ 0.04 ብቻ ቢያሳይ ምሥጢሩ ይገለጣል። የሁለቱ አማካይ 0.08 የመቀመጫው ጥፋት ነው፤ የልዩነታቸው ግማሽ፣ ማለትም 0.04፣ የብረቱና የቻኩ ነው። መቀመጫው 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ካለው ዝቅ ያለው ጫፍ 0.16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ስስ ቆርቆሮ ይደገፋል። እንግዲህ ያልተስተካከለ ብረት ይዘን የተስተካከለ መልስ አገኘን ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ለብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ያቀረበው ዘዴም ከዚሁ ይዛመዳል። ሁለት የብረት ገጾች ተገጣጥመው አንዱ ጎባጣ ሌላው ጎድጓዳ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስት ገጾች ግን እየተፈራረቁ እርስ በርስ ከተገጣጠሙ ሦስቱም ዝርግ ከመሆን በቀር ምርጫ የላቸውም። ትክክለኛነት የግድ ከሌላ የተሻለ ማሽን አይወረስም፤ በጥንቃቄ ከማነጻጸርም ይወለዳል።

ይህን ስንል ያገለገለ ሁሉ ይገዛ ማለታችን አይደለም። አካሉ የተሰነጠቀ፣ ወይም አንድ ወገን አላግባብ ተበልቶ በየቦታው የተለያየ ልልነት ያለው መሣሪያ ይቅር። መኖሪያ ግቢ ውስጥ ሲሠራም ልኬቱ መብራት ተቋርጦ፣ ሕፃናት ርቀው ይከናወን።

በመሆኑም ጥሪያችን ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። “አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ” የሚለው አባባል በአፋችን አለ፤ የጎደለን ልኬቱን በወረቀት የማስፈር ልማድ ነው። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ የምትማሩ፣ በዕረፍት ጊዜያችሁ ወደየቀያችሁ ስትመለሱ አንድ ደብተርና ከተቻለ አንድ ዳያል ጌጅ ይዛችሁ ወደ ቅርብ ወርክሾፕ ጎራ በሉ። ባለሙያው እጁ የሚያውቀውን ያሳያችኋል፤ እናንተም አማካይና ክፍልፋይ ከፈተና ወረቀት ውጭ ምን እንደሚሠሩ ታሳዩታላችሁ። ያን ጊዜ የበቆሎ መፈልፈያው ባለቤት አዲስ አበባ ድረስ ሳይጓዝ ማርሹን እዚያው እንሴኖ ያገኛል።