ዕጣው ጋይንት ለደረሰው

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ምደባው ደቡብ ጎንደር ውስጥ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ መሆኑን ሲሰማ ቤቱ ሐዘን ይገባበታል። እናት «ልጄን የት ወስደው ጣሉብኝ» ትላለች። ጓደኛም «አይዞህ፣ ጊዜህ ሲሞላ በዝውውር ትወጣለህ» እያለ ያጽናናል። እኔ ለዚህ ወጣት የምለው ሌላ ነው፤ ጋይንት መኖር፣ ጋይንት መሥራት ትልቅ ጥቅም አለው።

ጋይንት ካለው የድጓ ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ልሔም ልጀምር፤ አገሩን ያስከበረው እሱ ነውና። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ከጎጃም ይምጣ ከወሎ፣ ከሸዋ ይምጣ ከትግራይ፣ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር ለመትከል ቤተ ልሔም ወጥቶ ማስመስከር አለበት። ቆማና አጫብር የራሳቸው የዜማ ስልት አላቸው፤ በአገሪቱ በስፋት የተዘረጋው ግን የቤተ ልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚማረው ደግሞ ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ እሱም እዚያው ጋይንት ነው። በግራኝ ጦርነት ዘመን ድጓው ከጥፋት የተረፈው በቤተ ልሔም ነው የሚል ትውፊትም አለ።

ይህ ሁሉ የሆነው መኪና፣ መብራትና ስልክ ባልነበረበት ዘመን መሆኑን ልብ በሉ። ተማሪው በእግሩ ወራት ተጉዞ ይደርሳል፤ ጎጆ ቀልሶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ዓመታት ይቀመጣል። ማንም መድቦት አይደለም። የሚፈልገው ዕውቀት በሌላ ቦታ እንደዚያ ስለማይገኝ ነው የመጣው። ሩቅ የምንለው አገር ለሊቃውንቱ ማዕከል ነበር።

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሱ ብዙ ያስተምራል። ከውጭ ለሚያየው በየገጠሩ እንዳለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ግን በጥርብ ድንጋይ የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ይገኛል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክንሃም በ1940ዎቹ መጨረሻ አካባቢውን ጎብኝቶ በመጽሐፉ ለውጭው ዓለም አስተዋውቆታል። የአገሩ ሰው ግን ለዘመናት ሲያስቀድስበት ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጥቅም የምለው ሕዝቡን ነው። ተማሪን በቁራሽ ያኖረው የጋይንት ገበሬ ነው። መሬቱ ጠቦት፣ እህሉ ሳስቶበት ሳለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያለውን ልጅ ባዶ እጁን አልመለሰም። ለመማርና ለማስተማር የመጣን እንግዳ መቀበል እዚያ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬም ከተማ ውስጥ ጎረቤቱ እንኳ ስሙን የማያውቀው ወጣት መምህር ወይም ነርስ፣ ጋይንት ሲሄድ ሠርግ ይጠራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ከማኅበሩ ጠበል ጻዲቅ ይቀምሳል፣ ሲታመም የሚጠይቀው አያጣም። ይህን የሚተካ አበል የለም።

የገንዘቡንም ነገር እንናገር። የመንግሥት ደመወዝ እርከኑ ባሕር ዳርም የስማዳዋ ወገዳም ያው ነው፤ የቤት ኪራዩ ግን ያው አይደለም። ባሕር ዳር ግማሽ ደመወዙን ለአከራይ የሚሰጥ ጀማሪ ሠራተኛ እስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም ታች ጋይንት አርብ ገበያ ቢሆን ትንሽ ጥሪት ይቋጥራል፣ ለእናቱም ይልካል።

ለግብርና ባለሙያ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የአካባቢው ጉና ከ4 ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ውኃ ደግሞ ወደ በሽሎ ወንዝ ይፈሳል። ላይ ጋይንት ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ወደ ታች ጋይንትና ስማዳ ሲወርዱ ጤፉ ይመጣል፤ ወደ በሽሎ በረሃ ሲጠጉ ማሽላው ይከተላል። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላን በአንድ አካባቢ የሠራ ባለሙያ በኋላ የትም ቢመደብ አይቸገርም።

ችግሩን መሸፈን አልፈልግም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በ1997 ከተጀመረ ወዲህ ድጋፍ የማይለያቸው ወረዳዎች ናቸው። ወጣቱ መሬት አጥቶ ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ብዙ ቤት አፍርሷል፣ ሴቶች ላይም የማይረሳ ግፍ ተፈጽሟል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ ዘግቷል፣ ትምህርት ቤት አዘግቷል። መንገድ ላይ ሕይወቱ ለሚያሰጋው ወጣት «ሂድ» ማለት አልችልም፤ መጀመሪያ ሰላም ይውረድ። ሰላሙ ሲወርድ ግን በጣም የሚፈለገው እሱ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ሐኪም ቢጎድል ሌላ ይተካል፤ ስማዳ ውስጥ ሲጎድል ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክመው ሰዓታት ይጓዛሉ። ሙያው ይህን ያህል የሚያስፈልግበት ቦታ መሥራት ለራስም ክብር ነው።

ሁሉንም በወጣቱ ላይ መጫንም ተገቢ አይደለም። ወረዳዎቹ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች መኖሪያ ቤት ይሥሩ፤ ሩቅ ቀበሌ ያገለገለ ሰው በዕድገትና በትምህርት ዕድል ይቅደም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ቤተ ልሔምና ዙር አባ ቅርቡ ናቸውና የዜማና የብራና ጥናቱን እዚያው ሊቃውንቱ ባሉበት ያቋቁም፤ ምሁራን ያኔ ወደ ጋይንት የሚመጡበት ምክንያት እንደገና ይኖራቸዋል። አንተም ዕጣው የደረሰህ ወጣት፣ የዝውውር ማመልከቻውን ከመጻፍህ በፊት አገሩን እየው፣ ሕዝቡን ተዋወቀው።