አህያ ስድብ አይደለም

ልጅ ትምህርት ሲከብደው «አንተ አህያ!» የሚል ወላጅ በየሰፈሩ አይጠፋም። እኔ ግን የአህያን የዘር ሐረግ ያጠኑ ተመራማሪዎች የደረሱበትን ካነበብኩ ወዲህ ስድቡ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲኤንኤ የሚባለው የዘር መዝገብ እንስሳው ከሞተ ከሺህ ዓመታት በኋላም ተሰባብሮም ቢሆን አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይቆያል። ተመራማሪዎች ከአጥንቱ ጥቂት ፈጭተው ያወጡትን ከዛሬዎቹ እንስሳት ጋር ያስተያዩታል። ልዩነቱ በበዛ ቁጥር ዝምድናው ይርቃል። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው መሆኑ ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በ31 አገሮች የሚገኙ 207 አህዮችንና 31 ጥንታዊ አህዮችን መርምሯል። ቀደም ሲል አህያ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ሳትላመድ አልቀረችም ይባል ነበር። አሁን የተገኘው ውጤት ግን የዓለም አህዮች ሁሉ ከአንድ ግንድ መምጣታቸውን ያሳያል፤ የተላመዱትም ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ጊዜው ሰሃራ እየደረቀ የሄደበት ነበር። ውሃና ግጦሽ ሲራራቅ፣ ጥም ችሎ ጭነት የሚሸከም እንስሳ ሳያስፈልግ አልቀረም። ከዚህ ተነስታ በሱዳንና በግብፅ በኩል ወደ ሌላው ዓለም ተሻገረች።

ግብፅ ውስጥ አቢዶስ በተባለ ቦታ፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ለአንድ ንጉሥ ክብር የተቀበሩ 10 አህዮች ተገኝተዋል። አጥንታቸው ሸክም እንደጎዳው ያሳያል። ተሸካሚዋ አህያ ንጉሥ አጠገብ የምትቀበር ነበረች ማለት ነው።

ዛሬስ? ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። በገጠር አህያ የሌላት እናት የውሃውን ጀሪካን በገዛ ጀርባዋ ትሸከማለች፤ ብዙ ጊዜም ልጇ ከትምህርት ቀርታ ታግዛታለች። የአህያ ቆዳ ግን በቻይና ለባህላዊ መድኃኒት ይፈለጋልና፣ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አህዮች በገፍ ሲታረዱ ቆይተዋል። የአፍሪካ ኅብረት በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለቆዳ ሲባል አህያ ማረድ እንዲታገድ ወስኗል። ውሳኔው ከወረቀት አልፎ እንዲሠራበት፣ አህያ ለእኛ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ትውልድ ያስፈልጋል።

እና አያቶች፣ ይህንን ታሪክ ለልጅ ልጆቻችሁ አውጉልኝ። ወላጆችም፣ ልጁ ሒሳብ ሲከብደው አብራችሁት ቁጭ በሉ፤ የአህያን ስም ግን ለቀቅ አድርጉት። ሳምንት እንገናኝ።