ጎሉን ማን ቆጠረው?

በየዓመቱ ጥምቀት አለፍ ሲል የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፎቶ ስልኬ ላይ ይመጣል። ከሥሩ «ያኔ እኮ እኛ ነበርን» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ቀጥሎ የይድነቃቸው ተሰማ ስም ይነሣል፤ ከስሙ ጋር ሁለት ቁጥሮች ይከተላሉ፦ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል። ሰው ልብ ይሰጣል፣ ያጋራል፣ ያልፋል።

እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው፤ በእኛ ሥራ ምንጩ የማይታወቅ ቁጥር ሲገኝ ይመረመራል እንጂ አይጨበጨብለትም። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ጎሎቹን ሠንጠረዥ ውስጥ ላስገባ ሞከርኩ፤ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ሜዳ፣ ውጤት። ቁጥሩን የጻፉትን ገጾች አንድ በአንድ ከፈትኩ። አንዱ ከሌላው ቀድቷል። የጨዋታዎቹን ዝርዝር ያስቀመጠ አንድም አላገኘሁም። ማታ ላይ ሠንጠረዤ ርዕስ ብቻ ይዞ ቀረ።

ቁጥሩ ውሸት ነው አልወጣኝም። የምለው ይኼ ነው፤ እንወደዋለን የምንለውን ሰው አልቆጠርነውም፣ አለመቁጠራችንም አላሳፈረንም።

እስቲ ሰውየውን እንያቸው (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ አራዳ ላይ በ1928 ሲመሠረት ልጁ ገና 14 ዓመታቸው ነበር። ወዲያው ጣልያን ገባ። በወረራው ዘመን የክለቡን ስም እንኳ ቀየሩበት። ነፃነት ሲመለስ በ1936 የመጀመሪያው ሊግ ተጀመረ፤ የእንግሊዝ ወታደሮች፣ ጣልያኖች፣ አርመኖችና ግሪኮች የየራሳቸውን ቡድን ይዘው ሲመጡ የእኛዎቹ ጊዮርጊስ ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ዋንጫ ለማንሣት እስከ 1942 ጠብቋል።

አሁን ወደዚያ 318 ተመለሱ። ስንቱ በአርመኖቹ ላይ ገባ? ስንቱ በወታደሮቹ ላይ? በወረራው ዓመታት የተገባ አለበት? እነዚህ የሒሳብ ጥያቄዎች አይደሉም። በገዛ ከተማው ባይተዋር የተደረገ ልጅ ኳስ ይዞ ምን መለሰ የሚለው ታሪክ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጠቅላላ ድምሩን ይዘን ታሪኩን ጣልነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው ተመዝግቧል። ለምን? በውጭ ሰው ፊት ስለሆነ። በ1949 ካርቱም ላይ ካፍ ሲመሠረት ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስትል ከውድድሩ ውጪ ተደረገች። በ1954 አሠልጣኝ ሆነው ቱኒዚያን ከ2 ለ 0 መመራት ተነሥተው 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ግብፅን ሁለት ጊዜ ተመርተው በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፉ። አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ ይገባታል ብለው ከተሟገቱት አንዱ ናቸው፤ 15 የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. የ1966ቱን ማጣሪያ ረግጠው ወጡ፣ ለ1970ው ቦታው ተሰጠ። ከ1964 ጀምሮ ነሐሴ 1979 እስካረፉ ድረስ ካፍን መሩ። ይኼ ሁሉ በቃለ ጉባኤ አለ። ተጫዋቹ ግን በአፍ ብቻ ቀረ።

ኦስትሬሊያዎች በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው። የቪክቶሪያ ሊጋቸው የተጀመረው አድዋ በተደረገ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን ብቻ ተሰልፎ የቀረ ልጅ እንኳ ስሙ፣ ክለቡና ጎሉ ይገኛል። ያ ልጅ ከይድነቃቸው ይበልጣል? አይበልጥም። የሚቆጥርለት ሰው ነበረው፣ በቃ።

«እነሱ ሰላም ነበራቸው፣ እኛ ወረራ፣ አብዮት፣ ጦርነት» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ታትሟል። ቅጾቹ በቤተ መዛግብት አሉ። ገልጦ ማየት ምን ከለከለን? ትዝታ ስለሚቀለን ነው። ትዝታ አቧራ የለውም፣ ወረፋ የለውም፣ «ተሳስተሃል» አይልም።

ይኼ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የተወለድኩት አምቢኮ ነው፤ ራስ ዳሸን የሚወጡ ቱሪስቶች ድንኳን ተክለው የሚያድሩባት። ትምህርቴን የጨረስኩት ደባርቅ፣ አጎቴ ቤት ሆኜ ነው። አጎቴ በጉብዝናው አጥቂ ነበር። ዓምና ሲያርፍ ለቅሶ ላይ የድሮ ጓደኞቹ ተከራከሩ። አንዱ «ዳባት ላይ ሦስት አገባ» አለ። ሌላው «አራት ነው እንጂ! አራተኛውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለ። ማን ይፍረድ? የአጎቴ ትንሹ ልጅ ስልኬን እያየ «ወንድም ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ የለም?» አለኝ።

ምን ልበለው? የለም። የይድነቃቸውም የለም ልበለው?

አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰው በቁጥር አይለካም» ብለው ገሠጹኝ። ልክ ናቸው፣ አይለካም። ግን ያልተጻፈ ሰው ያዩት ሲያልቁ አብሮ ያልቃል። ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ስንቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ይኖራል?

ስለዚህ በጥር ፎቶውን ለምታጋሩ ሁሉ ጥያቄዬ አንድ ነው። አንዳችሁ አንድ ዓመት ውሰዱ። አዲስ አበባ ያላችሁ ቤተ መዛግብት ገብታችሁ የዚያን ዓመት ጋዜጣ አገላብጡ፤ ጨዋታ ስታገኙ ቀኑን፣ ተጋጣሚውን፣ ያገባውን ጻፉ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ሽማግሌዎቹን ዛሬ ጠይቁ፣ የተለያየ ከነገሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ምናልባት 318ቱ 200 ይሆናል፣ ምናልባት 350። የትኛውም ቢሆን አሁን ካለን ይሻላል።

እኔ 1936ን ወስጃለሁ። ባዶ የነበረው ሠንጠረዥ እስከዚያ አንድ መስመር ገብቶለታል፦ አጎቴ፣ ደባርቅ ከዳባት፣ ጎል 3 ወይም 4።